አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው ሰርቨር

ሟቹ የተገኘው በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከወለሉ ንጣፎች አንዱ ተነስቷል፤ ጭንቅላቱ በተከፈተው ጉድጓድ የብረት ጠርዝ ላይ አርፏል። ሁለት እጆቹ ላይ ነጭ የጥጥ ጓንት አለ። መርማሪዋ በአንገቷ ክር የተንጠለጠለውን መነጽር አድርጋ አጎንብሳ አየችው። አዳራሹ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የብረት መደርደሪያዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ የታጨቁባቸው ሰርቨሮች ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ።

«አደጋ ነው» አለ የመረጃ ማዕከሉ ኃላፊ ከኋላዋ። ረጅም፣ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ካርቶን የደረቀ ሰው ነው። «ንጣፉን ራሱ አነሳ፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ቸልተኝነት። ሪፖርቱን አዘጋጅቼዋለሁ፤ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ሥራዬን አቀለሉልኝ» አለች መርማሪዋ፤ ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ንጣፍ የሚነሳበት፣ ሁለት የጎማ መምጠጫ ያለው መያዣ ቦታው ላይ ተሰቅሏል።

በሩ ደፍ ላይ አንዲት ወጣት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁለት ፖሊሶች ሊያስነሷት ሞክረው አቅቷቸዋል። የሟቹ እህት ናት፤ እዚያው መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ቴክኒሻን ሆና ትሠራለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት።

«አልነሳም!» አለች። ዓይኗ ደም መስሏል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ወንድሜን ቸልተኛ ብላችሁ ጽፋችሁ የምትወጡት በእኔ ላይ ተረማምዳችሁ ነው። ጫማውን ጥንድ ጥንዱን ሳያሰልፍ የማይተኛ ሰው! ሠራተኛው ሁሉ ስሙን ትቶ ‹ልቅም› ነው የሚለው። ልቅም በገዛ ጉድጓዱ አይወድቅም!»

ኃላፊው ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ጠዋት ከወንድሟ ጋር ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም። አደጋ ካልሆነ ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷ ነው። ለእሷው አዝኜ ነው።»

ልጅቷ ሰምታዋለች። «ይቀስሩ! የሚፈራዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ!»

«በምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?» አለች መርማሪዋ፤ ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ ደፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«በቁጥር ነዋ። እሱ ንብረት መዝጋቢ ነው፤ ይህን ሳምንት ሰርቨሮቹን ሲቆጥር ነበር። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይለጥፋል፤ ከዚያ በኔትወርኩ ‹ማን አለ?› ብሎ ይጠራቸዋል፤ ያሉት ሁሉ ‹አለሁ› ይላሉ። የለጠፈው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ‹አለሁ› ያሉት ግን አራት መቶ አሥራ ሦስት ሆኑ። ‹ሳታስመዘግቢ የሰካሽው ነገር አለ› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት። ወንድምና እህት ነን፤ ቀስ ብለን መናገር አልተማርንም።» ከንፈሯን ነከሰች። «ተናድጄ ወጣሁ።»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የወጣውን የቆጠራ ወረቀት ዘረጋች። ከታች ጥርት ባለ ጽሑፍ «በእጅ 412፤ በኔትወርክ 413» ይላል። ዙሪያውን ክብ ተስሎበታል።

እህቱ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ አየች። «ክቡ ተገጥሟል… እትዬ፣ ልዩነት ሲያጋጥመው ክቡን ክፍት ነው የሚተወው። እስኪፈታው ድረስ አይገጥመውም። ይህንን… አግኝቶት ነበር ማለት ነው!»

ስልክ ጠራ። የመርማሪዋ አለቃ ነበር።

«እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመሽ ላኪ። ከላይ እየደወሉብኝ ነው፤ አዳራሹ መከፈት አለበት።»

«ጌታዬ፣ ያልገባኝን አልፈርምም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«እንግዲያው የሚፈርም ይላኩ። እስኪመጣ እኔ ሥራዬን ልቀጥል» ብላ ስልኩን ዘጋችና ከናካቴው አጠፋችው።

የማቀዝቀዣ ባለሙያው «በረዶ» ይባላል፤ ሰፊ ፊት ያለው፣ ጃኬት የማይለየው ጎልማሳ ነው።

«እኔ ጠዋቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ማራገቢያ ስጠግን ነበር፤ ጋሼ ዘበኛው በራቸው አጠገብ የቆመውን መሰላል ይዘውልኝ ነበር። ምስኪን ልቅም! እኔ ንጣፍ አንስቼ መያዣውን መሬት ላይ ስጥለው፣ ኃላፊው ‹ዕቃ ቦታው!› ብሎ ሳይቆጣኝ፣ ‹አንተ በረዶ፣ ሟሟና ጥፋ!› እያለ አንስቶ የሚሰቅለው እሱ ነበር።»

«ንጣፍ ሲነሳ ለማን ይታወቃል?»

«ከወለሉ ሥር ቀዝቃዛ አየር ነው ያለው። ንጣፍ ከተነሳ ግፊቱ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ኃላፊው ቢሮ ያለው ደወል ይጮሃል። ጩኸት እንዳይመስልሽ፣ ጥርስ ያረግፋል! ካላጠፉት አይቆምም። ሁሉም እኔ ክፍል ባለው መቆጣጠሪያ ይመዘገባል፤ ማን ሊያነበው? ከእኔ በቀር የሚገባበትም የለ።»

«እኔ አነበዋለሁ» አለች መርማሪዋ።

ዘበኛው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። «ያለ ወረቀት ከዚህ ግቢ ባትሪ እንኳ አይወጣም፤ ዛሬ የወጣ ዕቃ የለም። ልጅቷ ከሦስት ተኩል ጀምሮ እዚህ እኔ ዘንድ ገመድ ስትረከብ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ፈርማ ገባች። በረዶም ከዓይኔ አልራቀም።»

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ምንም ሳይረበሽ መለሰ። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። ልጅቷ እስክትጮህ ድረስ ዝንብ ሲበር የሚሰማ ጸጥታ ነበር። ይልቅ ሰዓቱን ይመልከቱ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው።»

መርማሪዋ ሰዓቷን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ደፉ ተመለሰች። «ተነሺ ልጄ። የወንድምሽን ቆጠራ እንደግመዋለን።»

አሁን ልጅቷ ተነሳች። በመጀመሪያ በኔትወርኩ ጠራቻቸው። «አለሁ» ያሉት አራት መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ሆኑ። በሩ ላይ የቆመው ኃላፊ ሳቀ።

«አላልኩም? ተሳስቶ ነው የሞተው።»

መርማሪዋና ልጅቷ ግን መደርደሪያ በመደርደሪያ፣ ጣታቸውን በእያንዳንዱ ብረት ላይ እያሳረፉ በእጅ ቆጠሩ። ስድስት ሰዓት መጣ፤ አለፈ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ቆመች። ሰባተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከታች፣ ገመድ ያልተሰካበት ሰርቨር አለ። 413 የሚል ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ሆዱ የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል። መርማሪዋ ቁጥሩን በመቆንጠጫ ቀስ ብላ ላጠችና ወደ መብራቱ ዞር አድርጋ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኃላፊውን፣ እህትየዋን፣ በረዶን፣ ዘበኛውን። ኃላፊው ሪፖርቱን እንደያዘ ነው።

«ልቅም ክቡን ገጥሞታል» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የጠፋውን ሰርቨር ያገኘው ከመሞቱ በፊት ነው። መያዣውም ተሰቅሏል። ንጣፍ አንስቶ እዚያው ወድቆ የሞተ ሰው ከሞተ በኋላ ተነስቶ መያዣ አይሰቅልም።»

«ያ ምንም አያረጋግጥም» አለ ኃላፊው።

«ብቻውን አያረጋግጥም። የበረዶ መቆጣጠሪያ ግን ንጣፉ ሁለት ጊዜ እንደተነሳ መዝግቧል። የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ልቅም ከወለሉ ሥር የተደበቀውን ሰርቨር አየ፤ ንጣፉን መለሰ፤ መያዣውን ሰቀለ፤ ክቡን ገጠመ። እርስዎ ቢሮ ደወሉ ጮኸ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፤ ወለሉን የነካ ሰው እንዳለም ያኔ አወቁ።»

በረዶ ጃኬቱን ሳብ አድርጎ ኃላፊውን ትክ ብሎ አየው።

«ሁለተኛው ለአራት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደወሉ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ጥርስ የሚያረግፍ ደወል! እርስዎ ግን ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር ብለውኛል። ያን ያህል ሳያጠፉት የቆዩት ቢሮዎ ስላልነበሩ ነው። እዚህ ነበሩ። ልቅምን ገፉት፤ ጭንቅላቱ ብረት መታው። ከዚያ ንጣፉን አንስተው ሰርቨሩን አወጡ፤ እሱን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አጋደሙት። ‹ዕቃ ቦታው› እያሉ ስንት ዓመት ሠራተኛ ሲቆጡ ኖረዋልና፣ እጅዎ ሳያስበው መያዣውን መልሶ ሰቀለው።»

«ያን ጊዜ ልጅቷ የት ነበረች? በረዶስ?» አለ ኃላፊው።

«ከእኔ ዓይን ሥር!» አሉ ዘበኛው ቀጭን ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው። «ሁለቱም!»

«ሰርቨሩን ከግቢ ማውጣት አልቻሉም፤ ጋሼ አሉ። ስለዚህ ከመሰሎቹ መሃል ደበቁት፤ ከልቅም ኪስ ቁጥር አውጥተው ለጠፉበት። ቁጥሮቹ ግን ቦታ ተለዋወጡብዎት። ጠዋት በእጅ 412፣ በኔትወርክ 413 ነበር፤ አሁን በእጅ 413፣ በኔትወርክ 412 ነው። የተደበቀው ከተቆጠሩት ጋር ተቀላቀለ፤ ድምፁ ግን ጠፋ።»

«ልቅም ራሱ ለጥፎት ቢሆንስ!» ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።

«ወንድሜ ያለ ጓንት ቁጥር ነክቶ አያውቅም» አለች እህቱ።

«ሙጫው ላይ ደግሞ» አለች መርማሪዋ «የባዶ አውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ አለ።»

ኃላፊው ሳይታወቀው ቀኝ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈ። ሁሉም አዩት። እሱም እንዳዩት አየ።

«ሰርቨሩ የደንበኞችን ደብዳቤ ብቻ ነበር የሚገለብጠው» አለ በመጨረሻ፤ ኮሌታው ውስጥ አንገቱ ያጠረ መሰለ። «ቅጂውን የሚገዛኝ ሰው ነበር… ልቅምን ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ‹እመዘግበዋለሁ› አለኝ። አንድ ቃል ብቻ፣ ‹እመዘግበዋለሁ›! ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«ቸልተኝነት» አለች እህቱ፤ ሪፖርቱን ከእጁ ነጥቃ ለመርማሪዋ ሰጠቻት። «ይህንንም ከማስረጃው ጋር ያያይዙልኝ።»

ኃላፊውን ይዘውት ሲወጡ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ደረሱ። አዳራሹ ቶሎ ተጠርጎ ሥራ እንዲጀምር፣ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አዘዙ።

ልጅቷ ከበረዶ መሣሪያ ሳጥን ነጭ ጓንት አውጥታ አጠለቀች። ባዶ የቆጠራ ወረቀት ይዛ ወደ መጀመሪያው መደርደሪያ ሄደች።

«አንቺ! ውጪ ተብሏል እኮ!» አለ ከሁለቱ አንዱ።

«ቆጠራው አላለቀም» አለች ሳትዞር። «ሌላ የደበቃችሁት ካለ አሁኑኑ ተናገሩ።»

ሁለቱ ሰዎች ወደ መርማሪዋ ዞሩ። እሷ ግን በሩ ደፍ ላይ፣ ልጅቷ ጠዋት በነበረችበት ቦታ፣ እግሯን ዘርግታ እየተቀመጠች ነበር።