የተበላሸ እንጨት ግድግዳ

ሰፈሩ ሁሉ «ጉቶ» ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጣልኝ የሒሳብ መምህሬ ነው። ሰሌዳ ፊት አቁሞኝ መልሱ ሲጠፋኝ፣ «ይሄ እኮ ጉቶ ነው፤ ውኃ ቢያጠጡትም አያቆጠቁጥም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ ትምህርቴን ጥዬ አናጢ ቤት ገባሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ ሰው ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም።

እሷን ያገኘኋት የሰፈሩ ሙያ ማሠልጠኛ የተወላገዱ ጠረጴዛዎቹን ሊያስጠግነኝ በጠራኝ ጊዜ ነው። የስፌት አስተማሪ ናት። አንዲት ሠልጣኝ ያበላሸችውን እጅጌ አንስታ ስታይ፣ ስድቡን ጠበቅኩ። እሷ ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ ክሩን አብራት ተረተረች። መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምነው፣ ጠረጴዛው አለቀ እንዴ?» አለችኝ ቀና ብላ።

«አላለቀም። ባያልቅስ?»

ዓይኗን ሰበረች፤ ሳቋን ግን አልደበቀችም።

ጠረጴዛው ካለቀም በኋላ ለመሄድ ሰበብ አላጣሁም። አንድ ቀን፣ «የእንጨት ሥራ አስተማሪያችን ለቀቀ፤ አንተ ለምን አትገባም?» አለችኝ።

«እኔ ከአስተማሪ ጋር ጸብ አለኝ» ብዬ የጉቶን ነገር እስከ መምህሩ ስም ነገርኳት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አባቴ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ እግሬን ከግቢው አነሳሁ። እሷ ራሷ አናጢ ቤቴ ድረስ መጣች።

«ቂምህን ያዘው፤ አልቀማህም» አለችኝ። «ግን ተሸክመኸው ከምትዞር ሥራ ስጠው። እሱ ያላደረገልህን ለሌላ ሰው አድርግ።»

ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹ ፊት የወንበር እግር ስገጣጥም ቸኩዬ አጣመምኩት። ከኋላ ሳቅ ተሰማኝ፤ ያው የድሮው ሳቅ። እንጨቱን ልወረውር አነሳሁና ሐሳቤን ቀየርኩ። ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁት። «የት ላይ እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ» አልኳቸው። ተንጫጩ። የማስተማር ዘዴዬ ያን ዕለት ተወለደ፦ መጀመሪያ የሚሳሳተው አስተማሪው ይሁን። ከዚያ ወዲህ ስህተቱን የሚደብቅ የለም፤ ያበላሸ ሰው የት እንደሳተ ተናግሮ እንጨቱን እዚያው ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

አግቢኝ ስላት፣ «አባቴን ፈርተህም ጠልተህም አታገባኝም» አለች። «ክፍልህን ይይ። ከዚያ እናወራለን።»

ሽማግሌው አባቷ ከዘራውን ይዞ መጣ። ጉቶ የሚባለው እኔ መሆኔን ነግራዋለች። ግድግዳውን ዞሮ አየ።

«ይሄ የመጀመሪያው የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ።»

«አስተማሪ ስህተቱን ለተማሪ ያሳያል?»

«እሱ ከደበቀ ተማሪው ምን ያድርግ?»

በከዘራው ጫፍ የተጣመመውን እግር ነካ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ «የኔ የተበላሸውስ የት ይሰቀላል?» አለ።

ለዓመታት የሳልኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። በሩ ላይ እሷን አየሁ፤ ሜትሯን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«የእርስዎማ አይሰቀልም» አልኩት። «ይኸው ፊትዎ ቆሞ ያስተምራል።»

የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። መሳቁ እንደሆነ የገባኝ ሲዞር ነው፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አለ። «ምላስህን ግን እንደ እንጨትህ ትንሽ ላገው።»

ሰፈሩ ዛሬም ጉቶ ይለኛል፤ ደስ አይለኝም። እሷም ትለኛለች። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን፣ እንጃ፣ ቅጠል ያለው ይመስለኛል።