የቶኩጂ ተዳፋት

ቺዙሩ ከአያቷ ኋላ ኋላ ስትወጣ ስለነበር መጀመሪያ ያየችው ቀጥ ብሎ የቆመውን ጀርባቸውን ነው። አባባ ቶኩጂ መንገድ ላይ የሚቆሙ ሰው አይደሉም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ቢሆንም ዳገት ላይ የአሥራ አራት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ጥለዋት ነው የሚሄዱት። አሁን ግን ባዶውን ቅርጫት እንደታቀፉ ደርቀው ቀርተዋል። በጎናቸው አልፋ አየች።

የታራ ዛፎቹ ተሰባብረዋል።

ታራ ቀጭን፣ ቅርንጫፍ የሌለው፣ እሾሃማ ዛፍ ነው። በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ ጫፉ ላይ እንቡጥ ያወጣል። እንቡጡን ቀጥፎ፣ ስስ ሊጥ ውስጥ ነክሮ፣ የፈላ ዘይት ውስጥ መጣል ነው። በኦሪሳዋ መንደር ጸደይ ገባ የሚባለው ያ ምሬት ምላስ ላይ ሲያርፍ ነው። የሚቀጠፈው ግን የመጀመሪያው እንቡጥ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ቅጠል እንዲያወጣ ይተዋል፤ እሱም ከተወሰደ ዛፉ ይደርቃል። ይህንን ቺዙሩ ክፉና ደግ ሳትለይ በፊት ታውቀዋለች።

እዚህ የመጣው ሰው ግን አላወቀም፤ ወይ ግድ አልሰጠውም። እጁ ያልደረሰበትን ግንድ አጉብጦ ሰብሮታል፤ አንዳንዱን ከወገቡ፣ አንዳንዱን ከሥሩ። ሁለተኛው እንቡጥ የለም፤ ሦስተኛውም የለም። ጭቃው በጫማ ዱካ ተቦክቷል። አያቷ አንዱን ስባሪ ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ሲለቁት ተመልሶ ተጋደመ። ቺዙሩ የተሰበሩትን መቁጠር ጀምራ ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ኢሳኩ ነው» አሉ አያቷ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቺዙሩን ያስደነገጣት እሱ ነው። «ከእኔና ከአንቺ ሌላ ይህን ቦታ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ ኢሳኩ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ከአያቷ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ በበረዶ ወራት አንዱ የሌላውን ጣራ የሚጠርጉ። ከዓመታት በፊት የጠፋ ውሻቸውን ሲፈልጉ በአጋጣሚ እዚህ ተዳፋት ላይ ደርሰው ነበር። ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም ብለው ቃል መግባታቸውን አያቷ ራሳቸው አጫውተዋታል።

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ የጫማውን ዱካ አየች። ቦታውን የሚያውቅ አራተኛ ሰው አለ። አምና በዚሁ ወቅት ካኤዴን ይዛት መጥታ ነበር። ለእናቷ እንኳ ያልተነገረውን ቦታ ለጓደኛዋ አሳይታለች።

ሰኞ ጠዋት ካኤዴን የትምህርት ቤቱ የጫማ መደርደሪያ ጋ ጠብቃ ያዘቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት፤ በትምህርት ቤቱ ባጠቃላይ የቀሩት ተማሪዎች ዘጠኝ ናቸው። ቺዙሩ ያየችውን ነገረቻትና ለማንም አልተናገርሽም አይደል ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ? አታካብጂ ባክሽ» አለች ካኤዴ ጫማዋን በክፍል ጫማ እየቀየረች። «ጦጣዎች ይሆናሉ።»

«ጦጣ ጫማ ያደርጋል?»

ካኤዴ ሳቀች። ቺዙሩም አብራት ሳቀች። ማመን ስለፈለገች ነው የሳቀችው፤ በኋላ ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ሳቋ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኢሳኩ እንደ ልማዳቸው ፈርን የሚባል የተራራ ቅጠል ቡቃያ ክዳን ባለው ሳህን ይዘው መጡ፤ ምሬቱ እንዲወጣ በአመድ ውኃ አሳድረው የቀቀሉት። ቤት ውስጥ ማንም አቤት አላላቸውምና ደፉ ላይ አስቀምጠው ዞር አሉ። አያቷ ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ወጡ፣ ሳህኑን አነሱ፣ መንገዱ መሐል ድረስ ተከትለዋቸው ሄዱ። ቺዙሩ ከፎቅ መስኮቷ ሆና ታያለች። ከመንደሩ ሱቅ የሚመለሱ ሁለት ሴቶችም ቆመው ያያሉ።

«ከሌባ እጅ አልበላም» አሉ አያቷ።

ጋሽ ኢሳኩ ምን ሰረቅኩ ብለው አልጠየቁም። ሳህኑን ተቀበሉ፣ ክዳኑ እንዳይወድቅ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቺዙሩ መስኮቱን ዘጋች። መውረድ ነበረባት። አልወረደችም።

ረቡዕ ዕለት መምህር ናጉሞ የክፍሉን ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት ሰብስበው አስቀመጧቸው። ለጎብኚዎች የሚሆን «አራቱ የኦሪሳዋ ወቅቶች» የሚል መጽሔት እያዘጋጁ ነው። አንዱ ስለ በልጉ የሩዝ ተከላ ዘፈን ይጽፋል፤ አንዷ በመኸር እንዲደርቅ ከየጣራው ሥር ስለሚንጠለጠለው ካኪ የሚሉት ብርቱካናማ ፍሬ፤ ሌላው በረዶ ሥር ተቀብሮ ስለሚጣፍጠው ጎመን። የቺዙሩ ድርሻ የተራራው ቅጠላ ቅጠል ነበር። የካኪው ሥዕል የጎደላት ልጅ የካኤዴ ወላጆች የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጥሩ ፎቶ አለ ብላ ገጹን ከፈተችው።

መጀመሪያ የመጣው የካኪ ፎቶ አልነበረም። ስድስት የከተማ ሰዎች የታራ እንቡጥ የሞሉ ከረጢቶች ከፍ አድርገው ፈገግ ብለዋል። ከኋላቸው ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሽበት የለበሰ ድንጋይ ይታያል። በዚህ ተራራ ላይ እንደዚያ የተሰነጠቀ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው አያቷ ተዳፋት ላይ ነው።

ቺዙሩ ካኤዴን አየቻት። ካኤዴ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

ከክፍል ሲወጡ ወደ ስፖርት አዳራሹ ጀርባ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ቺዙሩ የካኤዴን ቦርሳ ከትከሻዋ ነጥቃ ወረወረችው። ቦርሳው ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተከፈተ፤ ደብተሮቹ ተበተኑ። ካኤዴ ለማንሳት አላጎነበሰችም።

«ጦጣ ነው አልሽኝ» አለች ቺዙሩ። «እኔም እንደ ጅል አብሬሽ ሳቅኩ።»

ወሬው ከካኤዴ አፍ በአንዴ ፈሰሰ። በረዶው ከጀመረ ወዲህ ወደ ማረፊያው የመጡት እንግዶች እነዚያ ብቻ ናቸው። አባቷ ዘንድሮ ገበያው ካልተሻሻለ ማረፊያው ይዘጋል፣ ከተማ አክስትሽ ጋ እንገባለን ብሏታል። እንግዶቹ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ ብለው ሲጠይቁ ያለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ወደ ተዳፋቱ ወሰደቻቸው። ከየዛፉ አንድ ብቻ ቅጠፉ ብላቸዋለች፤ እነሱም እሺ ብለው አንድ አንድ ቀጠፉ። በማግስቱ እሷ ክፍል ውስጥ ሳለች ግን ብቻቸውን ተመልሰው ሄዱ።

«ከረጢቱን ሞልተው ሲመጡ አይቻለሁ» አለች ካኤዴ። «ፎቶው እዚያው ተዳፋቱ ላይ የተነሱት ነው፤ ለአባዬ ልከውለት ለጠፈው። እናቴ ጠብሳ አቀረበችላቸው። ምን ልበል? እንግዶች ናቸው።»

«አያቴ ጋሽ ኢሳኩን ሌባ ብለው ሰድበዋቸዋል። ሰው ፊት።»

«እና ለምን አትነግሪያቸውም?» ካኤዴ አሁን እሷም ተናዳ ነበር። «ወሬው ካኤዴ ናት ብሎ ይጀምራላ። ከዚያ ቀጥሎስ? ካኤዴን ማን ወሰዳት ሲሉሽ ምን ልትይ ነው? እኔን ሸወድሽኝ ትያለሽ፤ አንቺስ አያትሽን ምን አደረግሻቸው?»

ቺዙሩ ይበልጥ ተናደደች። ደብተሮቹን እንደተበተኑ ትታ ሄደች።

ሐሙስ አለፈ፤ አርብ አለፈ። ካኤዴ ላይ መናደድ ቀላል ነበር፤ ሌሊትም ቀንም ይመጣላታል፣ ጥርሷን ያስነክሳታል፣ እራት ላይ ሳህን ያስጋጫታል። ከዚያ ግን ክዳኑን ጫን ያለችው የጋሽ ኢሳኩ አውራ ጣት ትመጣባታለች፤ ያኔ ንዴቱ ወደ ማን እንደሚሄድ ይጠፋባታል። አያቷም ከማንም ጋር አይነጋገሩም። የዘንድሮው የጸደይ በዓል ላይ አልገኝም ማለታቸውን የሰማችው ከእናቷ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በበዓሉ መቅደሱ ደጃፍ ላይ የተራራ ቅጠላ ቅጠል ለመንደሩ የሚጠብሱት አያቷና ጋሽ ኢሳኩ ናቸው፤ አንዱ ሊጡን፣ አንዱ ዘይቱን ይዘው።

እሁድ ጠዋት የመቅደሱ ከበሮ ከታች ተሰማ። አያቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። ማጭዱ ከተሳለ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን አሁንም ይስላሉ። ቺዙሩ መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«አባባ፣ ጋሽ ኢሳኩ አይደሉም» አለች። «አምና ጓደኛዬን ተዳፋቱ ጋ ወስጃት ነበር። ዘንድሮ እንግዶች ይዛ ሄደች። ለማንም እንዳትናገሪ ያሉኝን መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

የማጭዱ ድምፅ ቆመ። ከበሮው ብቻ ቀረ። አያቷ እጆቿን እንጂ ፊቷን አላዩም።

«ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ከሰኞ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሰውየውን ስሰድበው እያየሽ ነበር።»

«ከመስኮት አይቻለሁ።»

«ጓደኛሽ ማን ናት?»

ሳምንቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ከርማለች። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ። ይህንን ስም ጮኻ የምትናገርበትን ቀን በሐሳቧ ስንቴ ተለማምዳዋለች። አሁን ግን ብትናገረው የራሷ ጥፋት ከሥሩ እንደሚደበቅ ተሰማት።

«የራሷን ራሷ ትነግርዎታለች» አለች። «እስከ ማታ ካልመጣች እኔ እነግርዎታለሁ።»

አያቷ ማጭዱን በጨርቅ ጠቀለሉት። «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ተራራ አትወጪም» አሉ። አልጮሁም። ቺዙሩ ይህንን እንደሚሉ ጠብቃ ነበር። እንባዋ እንዳይታይባት አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ቀና ስትል አያቷ የበዓል ነጭ ጨርቃቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው በሩን አልፈዋል።

ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። መቅደሱ ደረጃ ሥር ጋሽ ኢሳኩ ብቻቸውን ሊጥ ይመታሉ፤ አጠገባቸው ባዶ ቦታ አለ፤ ሰውም ያንን ባዶ ቦታ ላለማየት ወዲያ ወዲህ ይላል። አያቷ ሄደው ፊታቸው ቆሙና አንገታቸውን ደፉ፤ ጎንበስ እንዳሉም ቆዩ። የተናገሩት ነገር ካለ አልተሰማም። ጋሽ ኢሳኩ ቀና ብለው አላዩአቸውም። ሊጡን መምታታቸውን ቀጠሉ።

«ዘይቱ ግሏል» አሉ በመጨረሻ ጋሽ ኢሳኩ፣ ሻካራ ድምፅ አውጥተው። «ከቆምክ ቁም፣ ከሄድክ ሂድ። መንገድ አትዝጋ።»

አያቷ ዞረው በባዶው ቦታ ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ ሳይተያዩ፣ አንዱ ሊጡን አንዱ ዘይቱን ያዙ።

ቺዙሩ ከዚያ በላይ አልቆየችም። በእርሻው ዳር አቋርጣ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሄደች። ካኤዴ ከጓሮ አንሶላ ትሰቅላለች። ስታያት አንሶላውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«የራሴን ተናግሬያለሁ» አለች ቺዙሩ። «ያንቺን ስም አልጠራሁም። እስከ ማታ ነው የምጠብቀው።»

ካኤዴ አንሶላውን አየች። «መቅደሱ ጋ ጋሽ ኢሳኩም አሉ?»

«ሁለቱም አሉ። መንደሩም አለ።»

«ይጮሁብኛል።»

«አዎ።»

«አንቺም አሁንም ተናደሽብኛል።»

«በጣም» አለች ቺዙሩ።

ቺዙሩ ይህን ብላ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ካኤዴ አንሶላውን ገመድ ላይ ልትጥል ስትሞክር ነፋሱ መለሰባት፤ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም መለሰባት። ቅርጫቱ ውስጥ ገና አራት አንሶላ አለ። በዚህ አያያዟ ሳትጨርስ በዓሉ ተበትኖ ሰዉ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቺዙሩ እርጥቡን አንሶላ በአንድ ጫፉ ያዘችና ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቃ ሳበችው።

«ቶሎ በይ» አለች። «ሰው ሳለ እንድረስ።»