መለወጥ አትችልም

መርማሪዋ ወደ ሆቴሉ የደወለችው አንድ ነገር ብቻ ለመጠየቅ ነበር፤ ጀልባው ወደብ ላይ ይጠብቃት እንደሆነ።

«ውድ ደንበኛ፣ ስለደወልክ ደስ ብሎናል» አለ ጎርናና የወንድ ድምፅ። «ቀን ለመለወጥ ሁለትን ተጫን።»

«ቀን አልለውጥም። ከፖሊስ ነው፤ አስከሬኑን ለማየት እየመጣሁ ነው።»

«ቀን ለመለወጥ ሁለትን ተጫን።»

ምናልባት ሰው ይመጣ እንደሆነ ብላ ሁለትን ተጫነች።

«ቀኑን መለወጥ አትችልም።»

ተናዳ ደገመችው። «ቀኑን መለወጥ አትችልም» አለ ድምፁ፤ ሳይቆጣ፣ ሳያፍር፣ ልክ እንደ ቅድሙ። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ስድብ ጠጥታለች፤ ወንድ አድርጎ ያሰናበታት ግን ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

ሆቴሉ ሐይቁ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ወደዚያ የሚያደርስ አንድ ጀልባ ብቻ ሲኖር፣ እሱም የሆቴሉ ነው። ለክፍሉ የከፈለ እንግዳ የመመለሻ ወንበሩን አብሮ ይከፍላል፤ ቀኑ አንዴ ከተያዘ ተይዟል። ሌሎቹ ወንበሮች ባዷቸውን እየሄዱ እንኳ ቢሆን ከቀኑ በፊት የሚሳፈር የለም። ባለሆቴሉ ይህን «ሥርዓት» ይለው ነበር። ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር የሚያከብር ሰው መሆኑን ግን ማንም ደፍሮ አልነገረውም። አሁን ደግሞ ሞቷል፤ መንገሩም ዋጋ የለውም።

ሳጅኑ ሆዱን አስቀድሞ በደሴቷ ወደብ ላይ ተቀበላት።

«በከንቱ ደከሙ፣ አለቃ። ገዳይዋን ይዘናታል።»

«ማን ናት?»

«መምህርት ናት፤ ለእረፍት የመጣች። ትናንት አባቷ በጠና እንደታመሙ ተደወለላት። ወንበሯ የእሑድ ነው። ዛሬ ልሂድ ብላ ሟቹን ለመነችው፤ እምቢ አላት። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ይሄ ግፍ በራስህ ይድረስ› አለችው። እራት ላይ አልነበረችም። ሊተኙ ሲሉ ሚስቱ ቢሮው ብትገባ ተመትቶ ሞቷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ጭንቅላት» አለች መርማሪዋ። «ያ ፖሊስ ዛፍ ሥር ምን ያደርጋል?»

«እሱን ተዉት። የቢሮውን በር ጠብቅ ብለው፣ ዛሬ ጠዋት ‹ሬሳው ተናገረ› ብሎ ሮጦ ወጣ። እንዲህ ያለውን ነው ፖሊስ ብለው የሚልኩልን።»

«ምን ተናገረ?»

«አልጠየቅሁትም።»

መርማሪዋ ሳጅኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ብዙም የሚታይ ነገር አላገኘችም።

ቢሮው ከመመገቢያ ክፍሉ በአንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ይለያል። ባለሆቴሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ አንድ ጊዜ፣ በደንብ ተመትቷል። መሬት ላይ ከባድ የነሐስ ደወል ወድቋል። ድሮ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጦ እንግዳ መታ የሚያደርገው ነበር። እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የብረት መወልወያና የጠቆረ ጨርቅ አለ። የሟቹም ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሯል። እራቱ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከሰሐኑ አጠገብ አንድ ጥቁር ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ የስልኩ ገመድ እሱ ውስጥ ገብቷል።

«ይሄ ደወል እዚህ ምን ይሠራል?»

«ገደለው፣ አለቃ።»

«ከመግደሉ በፊት ነው የምልህ።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ደወሉን እንደ አዲስ አየው።

መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይዋን ጠራቻት። ደሴት ላይ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የምትሄድ፣ ከንፈሯን የተቀባች፣ ኩሩ ሴት ናት።

«ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «በሣጥን ተተካሁ። ልገድለው ብፈልግ ግን ገና ድሮ ነበር የምገድለው፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።»

«ማታ ድምፁን ሰምተሻል አሉ።»

«ሁላችንም መመገቢያው ውስጥ እየተንጫጫን ነበርን። የወንድሙ ልጅ ‹የአጎቴን ሰሐን አንሺለት› አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ እያወራ ነው።»

«ምን እያለ? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ።»

«‹ቀኑን መለወጥ አትችልም።› ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ‹ቀኑን መለወጥ አትችልም።›»

«አትችልም? አትችዪም አይደለም?»

«አትችልም ነው ያለው። ለሆነ ሰው ስለ መምህርቷ እያወራ ነበራ! እሷ አትችልም ማለቱ ነው።»

«ለማን?»

«እንጃ። ሲያወራ የገባበትን ሰው በምላሱ ነው የሚገርፈው፤ ሳልገባ ተመለስኩ።»

«የሌላ ሰው ድምፅስ?»

«እሱ ሲናገር መች ሌላ ሰው ይናገራል፣ እህቴ?»

መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ ቦርሳዋን አዘጋጅታ፣ ጫማዋን አጥልቃ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሳጅኑ የሁሉንም ሲሰበስብ ለምና ያስቀረችውን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እህቴ አሁን ደወለች። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እኔን ይጠራል አለችኝ። ጀልባው ቀትር ላይ ይሄዳል። ዛሬ ካልደረስኩ…»

«ማታ የት ነበርሽ?»

«ጀልባው ውስጥ። ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ሰው ቢኖር ለምን ጀልባ ውስጥ አለቅሳለሁ?» ቀና ብላ አየቻት። «አልገደልኩትም። ብገድለው ኖሮ መጀመሪያ ወንበሬን አስለውጬ ነበር።»

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው ብቸኛው ልክ የሆነ ነገር ይኼ መሰላት።

የሟቹ ሚስት ሻይዋን እያማሰለች ጠበቀቻት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ባለቤቴ ሰው አይወድም ነበር» አለች። «ሆቴል የከፈተው የሚያዘው ሰው ፈልጎ ነው።»

«ትናንት የተለየ ነገር አይተውበታል?»

«ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ዘግቶ ቆየና ፊቱ ተለዋውጦ ወጣ። ‹ማን ሰደበህ?› ብለው ‹እኔው› አለኝ። ከዚያ የብረት መወልወያ የት ነው ብሎ ቤቱን አተራመሰው።»

«እራቱን ማን አደረሰለት?»

«የወንድሙ ልጅ። አድርሶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ እስክንተኛ አልተነሳም።»

«እጁስ?»

«ስልኩ ላይ። እጁ ከስልክ ተለይቶ ያውቃል እንዴ?»

የወንድሙ ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ። አማርኛን እንደ ጠበበ ጫማ ቶሎ ማውለቅ የሚፈልግ ይመስል ቃላቱን ያሳጥራል። መርማሪዋም ከሩቅ ተምራ የተመለሰች ነበረችና አነጋገሩን አወቀችው። ራሷም እንደመጣች ሰሞን እንዲህ ሳትናገር እንዳልቀረች ስትጠረጥር አንገቷን ሞቃት።

«ስልኬን ሳጅንሽ ወስዶብኛል» አለ። «ሥራ አለኝ።»

«ያ ሣጥን ያንተ ነው?»

«የእኔ ፈጠራ ነው። ሰው ይደክማል፣ ያዝናል፣ ይሸነፋል። እንግዳ አለቅሳለሁ ካለ እንግዳ ተቀባይ ቀን ትለውጣለች። የእኔ ሣጥን አይለውጥም።»

«ሥራ ጀምሯል?»

«ገና ነው። አሁን ድዳ ሣጥን ነው።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«የተገዛ ድምፅ ነው፤ ከውጭ።»

«ለሴት እንዴት ነው የሚመልሰው?»

ሳቀ። «ደንበኛ ደንበኛ ነው። አንቱ ያረጀ ነገር ነው። አንቺ ለማለት ደግሞ ሁሉን እንደገና መጻፍ ሊኖርብኝ ነው፤ ትርፍ ሥራ። አንተ ይበቃል።»

«ይበቃል» አለች መርማሪዋ፤ ተነሳችም።

ጀልባው ሞተሩን ሲያስነሳ ሁሉም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። መምህርቷ በሳጅኑ አጠገብ ቆማ፣ በመስኮቱ ወደ ወደቡ ታያለች።

«ቶሎ እንጨርስ» አለች መርማሪዋ። «የምትሄድ ሰው አለች።»

«የምትታሰር ማለትዎ ነው» አለ ሳጅኑ።

«አንተ ሟቹ ከመምህርቷ ጋር ሲጣላ ተሰማ ትላለህ። ቢሆን ኖሮ ‹አትችዪም› ነበር የሚላት። ጨካኝ ነበር እንጂ አማርኛ አልጠፋውም። ስለዚህ እየተናገረ የነበረው ለእሷ አይደለም።»

እንግዳ ተቀባይዋ አፍንጫዋን ነፋች። «እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት! ለሌላ ሰው ስለ እሷ…»

«ለማን? ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እዚህ ነበር። የሟቹ የእጅ ስልክ ማታ አንድም ጥሪ የለውም። መልስ የሰጠው ሰው ድምፅም አልተሰማም። ደግሞ የሚያወራ ሰው ነገሩን ሲደግም ያከርረዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ስድብ ይጨምርበታል። ይኼኛው ግን ሁለቴ ሲል አንዲት ቃል አልነካም።»

«‹አትችልም› ሁለት ሰው ትሆናለች። ‹እሷ አትችልም›፣ ‹አንተ አትችልም›። ሁላችሁም እሷን አሰባችሁ፤ ስትለምን አይታችኋታላ። እኔን ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ድምፅ በዚችው ቃል አሰናብቶኛል፤ እኔን፣ ሴትዮዋን፣ አንተ ብሎ።»

ስልኳን አወጣችና ደወለች።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ሟቹ ካለበት ክፍል፣ ጎርናናው ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ። «ውድ ደንበኛ፣ ስለደወልክ ደስ ብሎናል።»

የሟቹ ሚስት የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። «እሱ ነው! የእሱ ድምፅ ነው!»

«አላልኳችሁም!» አለ ፖሊሱ ከበር ላይ። «አላልኳችሁም እንዴ!»

መርማሪዋ ሁለትን ተጫነች። «ቀኑን መለወጥ አትችልም» አለ የሞተው ሰው። ደግማ ተጫነች። «ቀኑን መለወጥ አትችልም።» እንግዳ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ያዘች፤ ማታ የሰማችው እሱኑ ነበር።

«ድዳ ሣጥን ብለኸኝ ነበር» አለች መርማሪዋ ወደ መሐንዲሱ ዞራ። «ጠዋት አነጋግሮኛል። ድምፁ የተገዛ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ሚስቱ አወቀችው። ቢሮው ታሽጎ፣ ስልክህ ተወስዶ ልታጠፋው አልቻልክም። ማታ እራት አደረስክ፤ አጎትህን ገደልክ፤ መጥተህ ተቀመጥክ። ከዚያ እሷን ሰሐን አንሺ ብለህ ላክሃትና ከጠረጴዛው ሥር ደወልክ። ሰላምታው በእራቱ ጫጫታ አልፎ እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ሁለትን ሁለቴ ተጫንክ። ሞቶ እያለ በሕይወት ያለ አስመሰልከው፤ አንተ ደግሞ አክስትህ አጠገብ ነበርክ። ያን ድምፅ ካወጣነው ሟቹን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰሐን ያደረሰው ሰው ነው።»

«ለምን እገድለዋለሁ?» ድምፁ ሰለለ። «ሣጥኑን ያዘዘው እኮ እሱ ነው!»

«ትናንት ሞከረው። እንደ ደንበኛ ደወለና የገዛ ድምፁ እምቢ አለው። ሚስቱ ‹ማን ሰደበህ?› ስትለው ‹እኔው› ያላት ለዚህ ነው። ከዚያ ደወሉን አውጥቶ በገዛ እጁ ወለወለው። ደወል የሚወለወለው ሊመለስ ነው፤ ከደወል ጀርባ ደግሞ ሰው ይቆማል። አዝኖላችሁ እንዳይመስላችሁ» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ሌላው ሲናቅ ዕድሜውን ሙሉ አልተሰማውም፤ ራሱ ሲናቅ በአንድ ከሰዓት ገባው።»

መሐንዲሱ ፊቱ አመድ መሰለ።

«‹ይሄን ቆርቆሮህን ነቅለህ ውሰድ› አለኝ» አለ። «ደወሉን መታና ‹ይሄ ካንተ ትምህርት ይሻላል› አለኝ። ከደወል ጋር አወዳደረኝ! ከደወል!» ከዚያ ቀና ብሎ፣ አሁንም ስህተቱን የሚፈልግ ተማሪ መስሎ «በአንዲት ቃል?» አለ።

«አንቺ ማለትን ብታስተምረው ኖሮ ይቺን ሴት በካቴና ይዘናት በሄድን ነበር። ትርፍ ሥራ መሰለህ።»

ሳጅኑ ለመምህርቷ ያዘጋጀውን ካቴና መሐንዲሱ እጅ ላይ አጠለቀው፤ ይቅርታ ግን አልወጣውም።

ወደቡ ላይ ጀልባ ነጂው መምህርቷን አየና እጁን ዘረጋ። «የእሷ ወንበር የእሑድ ነው። ተለውጦ ከሆነ ወረቀቱን አምጡ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ተረከዟን እያንቋቋች። «ወረቀቱ እኔ ነኝ። ፊት ለፊት አስቀምጣት፤ ቶሎ ንዳ፤ ማዶ ስትደርሱ መኪና እንዲጠብቃት ደውዬለታለሁ።» ከዚያ ለመምህርቷ ሻርፕ ደረበችላት። «ንፋሱ ይበርዳል። ሂጂ፣ የኔ እናት። አባትሽን ሳሚልኝ።»

«ይሄኛውስ?» አለ ነጂው መሐንዲሱን እያየ። «ቀን ይዟል?»

«የእሱ ቀን ዛሬ ነው፤ ለእሱ አይለወጥም» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

ጀልባው ገና ሳይርቅ፣ ሁለቱ ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ቢሮው ውስጥ ስልኩ ጮኸ። «ውድ ደንበኛ…» ብሎ ጀመረ የሞተው ሰው። እንግዳ ተቀባይዋ እየተንደረደረች ገባች። መርማሪዋ ሣጥኑ ማስረጃ መሆኑን ታውቃለች፤ ዞር ብላ ሐይቁን ማየት መረጠች። ከኋላዋ ገመድ ሲመነገል ተሰማት፤ ድምፁም በመሃል ተቆረጠ።

«አቤት» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን አንስታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሰው ነኝ። ምን ልታዘዝ?»