ያልተቆጠሩት ልጆች

በጨረቃ ላይ በተሠራችው ከተማ አየር የሚታደለው በፎርም ነው። የቤቱ ባለቤት «አዋቂ» እና «ልጅ» የሚሉትን ሳጥኖች በቁጥር ይሞላል፤ ደልዳይ የሚሉት ማሽን ደምሮ ለየቤቱ ቧንቧ ይለቃል። ማንም አይደነቅበትም።

የደልዳይ ባለሙያው ተካልኝ ያን ዕለት ጠዋት ከሠላሳ አራት ቁጥር ቤት «ልጆቼ ደነዘዙብኝ» የሚል ጥሪ ደረሰው። ቧንቧ የተዘጋ መስሎት መፍቻውን ይዞ እየተነጫነጨ ሄደ።

እናትየዋ በሩን ስትከፍትለት ክው አለ። ሦስት ልጆች ምንጣፍ ላይ ተዘርረዋል፤ የትንሿ ከንፈር ጠቁሯል። በትከሻው ያነገተውን የአየር ሲሊንደር ከፈተላቸው። ትንሿ እያሳላት ዓይኗን ስትገልጥ ነው እሱም የተነፈሰው።

ቧንቧው ደህና ነበር። የሚመጣው ግን የአንድ ሰው አየር ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ ፎርሙ ላይ ልጅ የለኝም ብለዋል እንዴ?»

«በስመ አብ! ምን አፍ አለኝና? ባዶውን ተውኩት እንጂ።»

«ለምን?»

«ልጅ ይቆጠራል እንዴ? እናትህ ቆጥራህ ታውቃለች?»

አታውቅም። ስንት ወለድሽ ሲሏት «እሱ የሰጠኝን ያህል» ብላ ነበር የምታልፈው። ይህን እያወቀ ነው ጉድ የሠራው።

ድሮ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ደልዳይ ድምሩንም ባዶ ያደርገው ነበር። ቧንቧውን ሙሉ ከፍቶ፣ ሰው ሄዶ እስኪያይ ይጠብቃል። ተካልኝ ግን በየቤቱ መዞር ሰለቸውና ትናንት ለደልዳይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፈ፦ ባዶ ሁሉ ዜሮ ይሁን። አለቆቹም አጨበጨቡለት።

«ምነው፣ ላብ አጠመቀህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ተው ልጄ፣ ማሽን ይሳሳታል።»

ይሄ ይባስ አንገበገበው። ማሽኑማ የማያውቀውን አላውቅም ይል ነበር። አፉን ሞልቶ «የሉም» እንዲል ያደረገው እሱ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን ሩቅ ናት።

ከደልዳይ ጋር ከተያያዘው የእጅ ሰሌዳው ላይ መስመሯን አጠፋት። ቧንቧው ወዲያው ፉጨቱን ለቀቀ። ሰሌዳው ላይ የአርባ አንድ ቤቶች ድምር ባዶ ሆነ። አርባ አንድ! እሱ የሉም ያላቸው ልጆች እዚያም ሳይኖሩ አይቀሩም።

ሲሊንደሩን አንግቶ እየሮጠ ከነዚያ ቤቶች አንዱ የሆነውን የጎረቤት በር አንኳኳ። አንዲት ሴት ግንባሯን ይዛ ከፈተች።

«ቁጥር ልትጠይቀኝ ነው?»

«አይደለም፣» አለ ቀና ብሎ ሊያያት እያፈረ። «ልያችሁ ብዬ ነው።»