ወደ ክር ያልተመለሰው ቀለም

«ተማሪ ዛሬ አይገባም» አለ ዘበኛው፣ በሩን በክንዱ ጋርዶ። «ነገ ተመለሽ፣ እህቴ። ፕሮፌሰሩ ሞተዋል።»

«ለእሳቸው ነው የመጣሁት።»

«ለቅሶው ቤታቸው ነው።»

መታወቂያዋን አሳየችው። አንብቦ ክንዱን አወረደ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ። መርማሪ ሲሉኝ ሽማግሌ መስሎኝ ነው።»

«እደርስበታለሁ» አለችና ገባች።

የላቦራቶሪው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ፕሮፌሰሩ ከድንጋዩ ጠረጴዛ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸው ላይ ደም ረግቷል። ማሞቂያው ጠፍቷል፣ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ማር የወፈረ ግሊሰሪን የሞላበት ብርጭቆ ቆሟል፤ ውስጡ ሰማያዊ ቀለም እንደ ደመና ተበትኗል።

ሟቹን ሁሉም «ጋሽ ጠብታ» ይሏቸው ነበር። ጠዋት ሲገቡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ አንዲት የቀለም ጠብታ ግሊሰሪን ውስጥ ይጥሉና ስርጭቷን ሲያዩ ይውላሉ።

«ሰውነታቸው ገና ይሞቃል» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ብርድ ከሞቱ ብዙ አልቆዩም። ከሰዓት በኋላ ነው።»

ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነበር። እጁ በካቴና ታስሯል፤ የፖሊስ መኪናም ውጭ ይጠብቀዋል።

«ተኳርፈን ነበር» አለ። «ልታረቀው መጥቼ ባንኳኳ ዝም አለኝ። ዛሬም ዘጋኝ ብዬ ተመለስኩ። እትዬ፣ አንቺ እንኳን እመኚኝ!»

የሟቹ ባለቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እውነቱን ነው፣ አንኳኩቶ ወዲያው ወጥቷል» አለ ዘበኛው።

«ለመግደል ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ የፕሮፌሰሩ ረዳት።

መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች። «አንተስ?»

«ረፋድ ላይ በደኅና ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ሲመሻሽ ብመለስ ተቆልፏል፤ በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል። በቁልፌ ከፍቼ ነው ወድቀው ያገኘኋቸው።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እሳቸው ብቻ። ኪሳቸው ውስጥ ነው።»

«ስትገባ ክፍሉ እንዴት ነበር?»

«እንደ መቃብር ቀዝቃዛ። ጋሽ ጠብታ ማሞቂያ አያስነኩም። ብርድ ፈሳሽን ጨዋ ያደርገዋል ይሉ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። የሳቀለት የለም።

መርማሪዋ ብርጭቆውን ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየች። «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ በቀን አንድ ጠብታ ብቻ ነበር የሚጥሉት?»

«ሰሞኑን ሁለት ሆኗል። መንትያውን ብርጭቆ ምድር ቤት ይቆልፍበታል። ለምን ስለው ‹አንድ ምስክር ሊዋሽ ይችላል› አለኝ።»

ረዳቱ ቀና አለ። መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ ቁልፎቹን አውጥታ ለዘበኛው ሰጠችው። ዘበኛው መንትያውን ብርጭቆ ሳያናውጥ አምጥቶ ከፊተኛው አጠገብ አኖረው። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡ። በዚህኛው ውስጥ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

«ፈሳሹ አንድ ነው፤ ጠብታውም የአንድ ጠዋት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፈሳሽ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ ይበዛል። ኤንትሮፒው ጨመረ የሚባለው ያኔ ነው። መንገድ ሲበዛላቸው መተላለፊያ ያገኛሉ፤ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ቀለሙም ይፈጥናል። ምድር ቤቱ ቀዝቅዞ ውሏል። ይህ ክፍል ግን ሲሞቅ ነው የዋለው።»

«አሁን ግን ቀዝቃዛ ነው» አለ ሐኪሙ።

«አስከሬኑ እንዳይበርድ፣ እርስዎም ሰዓቱን እንዲስቱ ማሞቂያው ተለኩሷል። በኋላ ጠፍቶ፣ ክፍሉ እስኪበርድ መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ። ግሊሰሪኑ ሲበርድ ውፍረቱ ተመለሰለት። ገዳዩ ሁሉም ነገር እንደነበረ የተመለሰ መስሎታል። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም፤ የተበተነ ቀለምም ወደ ክር አይመለስም።»

«ወንድምየው ለኩሶት ቢሆንስ?» አለ ረዳቱ።

«ለኩሶትስ ማን አጠፋው? እሱ አንኳኩቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ በሩን የከፈትከው አንተ ነህ። ሞቆ የዋለ ክፍል ገብተህ መቃብር ነበር ያልከውም አንተ ነህ። ረፋድ ላይ ገድለሃቸው፣ ለኩሰህ፣ ቆልፈህ ወጣህ።»

ባለቤትየው ከግድግዳው ዞረች። «‹ረዳቴ ፈሳሹን በስውር እያሞቀ ውጤት ያሳምርልኛል› ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነግሬው አሰናብተዋለሁ ብሎ ነው ከቤት የወጣው።»

ረዳቱ መንትያውን ብርጭቆ አየ። «ምድር ቤት ሌላ እንዳለ አላወቅኩም» አለ።

ፖሊሱ ካቴናውን ከወንድምየው እጅ ፈትቶ ረዳቱን አሰረበት። ወንድምየው አስከሬኑ እስኪነሳ ድረስ ከወንድሙ ራስጌ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እትዬም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።