በታሸገው ሳህን ላይ የተራመደው

እውነት መሆኑን ለማሳመን አልምልም። ሰዓቱን ግን በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ።

የምናጠናው ከሌላ አገር መጥተው ጫካችንን የወረሩትን እንሽላሊቶች ነው። የሚሸከሙት ባክቴሪያ ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

አሠራራችን ቀላል ነው። እንሽላሊቱን ባክቴሪያ በሚያበቅል ሳህን ላይ እናስኬደዋለን። በማግስቱ የረገጠው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይበቅላል... አምስት ቀጫጭን ጣቶች፣ እርምጃ በእርምጃ።

«ያለ ቪዛ የገቡት እንግዶችሽ መጡልሽ!» ይለኝ ነበር እንሽላሊት አጥማጃችን፣ ከረጢቱን ሲያስረክበኝ።

እየሳቅኩ፣ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳቸው ነበር።

እጄን ሁልጊዜ እታጠባለሁ። ስልኬን ግን...

የታናሽ እህቴ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ነው። አንድ እሑድ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ስልኬን ሲያኝክ ልቀማው አልኩ።

«ተዪው እታለም» አለች እናቱ። «ጥርስ ሊያበቅል ነው፤ ድዱን እየበላው ነው።»

ተውኩት።

ረቡዕ አተኮሰው። ዓርብ ሆስፒታል ተኛ። በሳምንቱ ሰኞ፣ ከደሙ የተገኘው ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንድንፈትሽ ወደ እኛ ተላከ።

ባክቴሪያውን ሳህኑ ላይ ዳር እስከ ዳር የቀባሁት እኔ ነኝ። የተለያየ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ስድስት ክብ ወረቀቶች አኖርኩበት። ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ ፈረምኩበት።

ማክሰኞ ከሙቀት ሣጥኑ ሳወጣው ፊርማዬ አልተነካም።

አንዱ መድኃኒት እንኳ ቢሠራ፣ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ንጹሕ ቀለበት ይታይ ነበር።

ቀለበት የለም።

የቀባሁትም የለም። ያለው ዱካ ነው... አምስት ቀጫጭን ጣቶች። ስድስቱንም ወረቀቶች ተራ በተራ ረግጦ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆሟል።

አጥማጁ ከኋላዬ አጎንብሶ አየ። አልቀለደም።

«ይሄን ማን አስኬደበት?» አለ በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«ከየትኛው እንሽላሊት ነው?»

«ከሕፃን ደም።»

ስልኬ ጮኸ። ያው ስልክ።

«እታለም... የቱ ነው መድኃኒቱ? ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።»

ስድስቱን ወረቀቶች እንደገና አንድ በአንድ አየሁ።

«አንዱ እንኳ?»

«አንዱም።»

አላለቀሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። አምስት አምስት ሆኖ... ጠዋት እምብርቱ ጋ ነበር። አሁን አንገቱን አልፏል።»

«ወደየት ነው የሚሄደው?»

«ወደ አፉ።»

ወደ ልጁ ስታጎነብስ ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«እታለም፣ ትንፋሹ አይሰማኝም።»

ዓይኔን ወደ ሳህኑ መለስኩ። ጠርዙ ላይ ቆሞ የነበረው ዱካ አንድ እርምጃ ጨምሯል።

ከክዳኑ ውጭ ነው። ፊርማዬ ላይ።

በጣቴ ነካሁት... እርጥብ ነበር።