የጋራ ግድግዳ

ሽማግሌው ክሮል ቅዳሜ ምሳውን በድንች የተጋገረ ዓሣ በላና ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ምራቱ ግዌንዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ ብትወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደርቋል። እሑድ ጠዋት የሄዘርፊልድ ሰው ፈርዶ ጨርሶ ነበር፦ አብልታ ገደለችው። ሲናቆሩ ያልሰማ ጎረቤት የለማ።

ነገሩ የምግብ ነውና ሳጅን ሆብደይ ቲምብልቢን አስጠራ። ቲምብልቢ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው፤ ቧንቧ ሲያሸት፣ የአይጥ ጉድጓድ ሲያስደፍን የሚውል። ልጆች «ሚስተር ሽንት ቤት» ይሉታል።

«ዓሣው ተርፏል ልጄ?» አላት ግዌንዳን።

«የተረፈውን እኔው ጨረስኩት። ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። ይኸው አልሞትኩም፤ ለእሱም ሳይሰድቡኝ አይቀሩም።» ዓይኗ አብጧል። «ሳጅን ነገ ጠዋት እወስድሻለሁ ብሎኛል። ባሌ መርከብ ላይ ነው። ሁለቱን ልጆች ለማን ልተዋቸው?»

«መርዙን በሱ ሳህን ላይ ብቻ ነስንሳ ይሆናላ» አለ ሆብደይ።

ቲምብልቢ ሆብደይን አስከትሎ ወደ ሽማግሌው ክፍል ወጣ። ቤቶቹ መንትያ ናቸው፤ አልጋው ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጥጉ ጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። በባትሪ ቢያበራ ስንጥቁ ሥር ሁለት ሸረሪትና አንዲት አይጥ ሞተው ተጋድመዋል።

«ሆብደይ፣ ይቺም ዓሣ ተጋብዛ ነበር?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ።

ቲምብልቢ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ የጎረቤቶቹ የፔልሃሞች መስኮት ሁሉ ወለል ብሏል። የካቲት ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ገመዱ ላይ ፍራሽ ተሰጥቷል፣ በእሑድ ምድር። በዚህ ሰፈር እሑድ ያሰጣ ከሰካራም አይሻልም።

ሄዶ አንኳኳ። ወይዘሮ ፔልሃም በሩን ገርበብ አደረገች፤ ቤቷ ውስጥ ካፖርት ለብሳለች።

«ትናንት የት ዋላችሁ?»

«ከባሌ ጋር ወደ ባሕሩ ወርደን ነበር።»

«በዚህ ውርጭ?»

«አየሩ ለጤና ጥሩ ነው።»

ስታወራ እሱ የበሩን ጠርዝ ያያል። የተገነጠለ ቡናማ ወረቀት ሙጫው ሳይለቅ ቀርቷል። መስኮቱም ላይ እንደዚያው።

ሰኞ ጠዋት ግዌንዳ ስትወሰድ ለማየት ሰፈሩ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ቲምብልቢ ፔልሃሞችን አስጠርቶ ከሳጅኑና ከግዌንዳ ጋር ሳሎን አስቀመጣቸው።

«ዓሣው ንጹሕ ነው፤ የበላችው ይቺው አለች» አለ። «አይጧና ሸረሪቶቹ ዓሣ አልቀመሱም፤ የሞቱት ስንጥቁ ሥር ነው። ሽማግሌውም ፊቱን ወደዚያው አዙሮ። ስለዚህ ገዳዩ የመጣው በአየር፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ወዲያ ያሉት ደግሞ ቅዳሜ በርና መስኮታቸውን በወረቀት አሽገው ወጡ። ቤቱን እንዲያ አሽጎ የሚወጣ ሰው ውስጡ መርዝ ጋዝ ትቷል። ፍራሽ ሳይቀር የሚታጠነው...»

«እባክዎ ስሙን አይጥሩት» አለች ወይዘሮ ፔልሃም።

«ለትኋን ነው።»

ባልየው ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ። «አሮጌ አልጋ ገዝተን ይዞብን መጣ። እናንተን የንጽሕናዎቹን እንዳንጠራ መኪናችሁ ጎኑ ላይ በትልቁ ‹ትኋን ማጥፊያ› ይላል። በራችን ላይ ቆሞ ሰው ይየው? የሚስቴ ወንድም የመርከብ ጭነት ክፍል ያጥናል፤ ጋዙን ከሱ አመጣሁ። ግድግዳው ያሳልፋል አላልንም።»

ቲምብልቢ ባርኔጣውን አሻሸ። «ጽሑፉን ያጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰው ካፈረ ይጸዳል ብዬ።»

«ቅዳሜ ስትመለሱ መሞቱን ሰማችሁ» አለች ግዌንዳ። «ያኔ ገብቷችኋል።»

ወይዘሮ ፔልሃም መሬት መሬት እያየች «አዎ» አለች።

«ልጆቼን የነፍሰ ገዳይ ልጆች ሲሏቸው በዚያ ግድግዳ ይሰማችሁ ነበር።»

ሆብደይ ባልና ሚስቱን ሊወስድ ተነሣ። ፔልሃም ወደ እሱ ጠጋ ብሎ፣ «ሳጅን፣ በጓሮ በኩል ብንወጣስ?» አለው ቀስ ብሎ።

ሆብደይ ግዌንዳን አያት። እሷ ሄዳ የፊት ለፊቱን በር ከፈተችው።